ማንም የማያውቀው ቃል

በቅርቡ የኮምፒዩተር የይለፍ ቃሌን ረስቼ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ አልኩ። «ንገሪኝና ልሂድ» ብላት ልጅቷ ሳቀች። «ጋሼ፣ እኛም እኮ አናውቀውም! አዲስ ያውጡ» አለችኝ። ታዲያ ቃሌን የማያውቅ ማሽን እስከ ትናንት እንዴት ሲያሳልፈኝ ኖረ? ነገሩ ከነከነኝና ታሪኩን ፈለግሁ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ በሚገኘው በኤም አይ ቲ፣ አንድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን በጋራ የሚያገለግልበት ሥርዓት በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት ተሠራ። የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዲጠበቅም ለየሰዉ የይለፍ ቃል ተሰጠ። ጉዱ ግን ቃላቱ ሁሉ እንዳሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው መቀመጣቸው ነበር። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተፈቀደለት ሰዓት ስላልበቃው ዝርዝሩን አሳትሞ ወሰደና በሰው ስም ይሠራ ጀመር። በ1966 ደግሞ ሁለት ፋይሎች በስሕተት ተቀያየሩና፣ በዕለቱ ማስታወቂያ ፈንታ የሁሉም ምስጢር ለገባው ሁሉ ተነበበ።

መላውን ያገኘው የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሮጀር ኒድሃም ነው፤ ሞሪስ ዊልክስ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ሐሳቡ ቃሉን ወቅጦ ዱቄቱን ብቻ ማስቀመጥ ነው። የተወቀጠ ቡና ተመልሶ ፍሬ አይሆንም። በዚህ ሙቀጫ ግን ያው ቃል ሁልጊዜ ያንኑ ዱቄት ይሰጣል። ባለቤቱ ቃሉን ሲጽፍ ማሽኑ እንደገና ይወቅጥና ዱቄትን ከዱቄት ያስተያያል። ልጅቷ እውነቷን ኖሯል!

ሌባም ግን መውቀጥ ይችላል፤ በግምት ያመጣውን ቃል ሁሉ እየወቀጠ ከተሰረቀው ዱቄት ጋር ያመሳክራል። የቤል ላቦራቶሪዎቹ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን በ1979 ባወጡት ጽሑፍ ለዚህ ሁለት መከላከያ አቀረቡ፦ ሌባው እንዲዘገይ 25 ጊዜ ደጋግሞ መውቀጥ፣ እንዲሁም በየሰዉ ቃል ላይ ከ4,096 ዓይነት «ጨው» አንዱን ጣል ማድረግ። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ቢመርጡ እንኳ ጨዋቸው ከተለያየ ዱቄታቸው አይመሳሰልም። ሰዎች የመረጧቸውን 3,289 ቃላት ሲመረምሩ ግን 2,831ዱ እጅግ አጫጭር ወይም በመዝገበ ቃላትና በስም ዝርዝር የሚገኙ ሆኑ።

ኅዳር ገና ሲገባ፣ በ1988፣ አንድ «ትል» በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን አሽመደመደ። ከመግቢያ መንገዶቹ አንዱ የ432 ቃላት ዝርዝር ነበር፤ እየወቀጠ ያመሳክራል። ፈጣሪው የሞሪስ የገዛ ልጅ፣ ሮበርት ታፓን ሞሪስ ነበር! አባት በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒዩተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበሩ። ልጅየው በ1990 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ተፈረደበት።

አባት ያበጁትን ሙቀጫ ልጅ አልሰበረውም፤ የሰበረው የእኛን ስንፍና ነው። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። ልጅቷ «አዲስ ያውጡ» ስትለኝ መጀመሪያ እጄ የሄደው የልጄን ስም ለመጻፍ ነበርና።