ከፑንቲና እስከ ሴንሰር፦ የአንዲት ብልጭታ ታሪክ

መኪና የምትወዱ ልጆች፣ የሀይፋው ኦቶካርስ ኩባንያ የስፖርት መኪና እንደነበረው ታውቃላችሁ? ሳብራ ስፖርት ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1961 ኒውዮርክ ውስጥ ለእይታ ቀረበች። የተነደፈችው ከእንግሊዙ ሪላያንት ጋር ነው፤ ቦዲዋ ፋይበርግላስ፣ ሞተሯም 1.7 ሊትር የፎርድ ነበር።

መልኳ አዲስ ይሁን እንጂ ካንዴላዋን የሚያበራው ዘዴ የቆየ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ለ1910 ካዲላክ ያዘጋጀው ነው። የባትሪው ኤሌክትሪክ ቦቢናው ውስጥ ሲያልፍ ማግኔት ይፈጥራል። ፑንቲና የምንላት፣ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ጥንድ ብረት፣ ስትከፈት ኤሌክትሪኩ ድንገት ይቋረጣል፤ ማግኔቱም ይፈርሳል። ያኔ ከ10,000 ቮልት በላይ ይፈጠርና ካንዴላው ጫፍ ላይ ይዘላል።

ችግሩ ፍጥነት ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 200 ብልጭታ ይፈልጋል። ፑንቲናዋ ለመዝጋት ጊዜ ያጥራታል፣ ትነጥራለች፣ ትቃጠላለች። ለሰፈር መንገድ ምንም አይደል። ጉልበት የተጨመረለት ሞተር ግን ግፊቱ ስለሚበዛ ደካማ ብልጭታ አይበቃውም። ክራይስለር በ1973 አሜሪካ ለሚሸጣቸው መኪኖቹ ሁሉ ፑንቲናን በማግኔት ሴንሰርና በትራንዚስተር ተካ። ለአሮጌ መኪናም እዚያው ዲስትሪቢዩተር ክዳን ሥር የሚገጠም ተሠራ፤ ከውጭ ሲታይ ምንም የተለወጠ አይመስልም።

የአክስቴ ልጅ አሮጌ መኪናው ላይ ይህንኑ ገጠመ። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ያደገው አጎታችን አኮረፈ። የፑንቲናን ክፍተት በቀጭን ብረት እየለካ፣ ድምፅ እያዳመጠ የሚያስተካክል ሰው ነውና «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለ። እውነት ለመናገር መኪናዋ ተሻሽላ ነበር፤ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች።

አንድ ቀን ግን ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ሳይመልስ ሙዚቃ ሲሰማ ቆየ። ሞተሩ ቆሞም ኤሌክትሪኩ ስላልተቋረጠ አዲሱ ዕቃ ጋለና ተቃጠለ። መንገድ ዳር ቀረን። አጎቴ ተጠራ፤ የወለቀችውን ፑንቲና ከነኮንዴንሰሯ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧት ኖሯል። በስልክ መብራት ሃያ ደቂቃ ሠራና መኪናዋ ተነሳች። «ክፍተቷን ስትለካ እጅህ አይንቀጥቀጥ» እያለ ልጁን እዚያው አስለካው።

በኋላ ሌላ ሴንሰር ተገዛ። የገጠሙት ሁለቱ አብረው ናቸው።