ለቤተሰብ የምትሆን ሞተር ጀልባ፦ ፋይበርግላስ ወይስ አልሙኒየም?

ከናይሮቢ እስከ ናይቫሻ ሐይቅ ያለው መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማዋ የሚነሳ ቤተሰብ መጀመሪያ ሽቅብ ወደ ሊሙሩ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም የስምጥ ሸለቆውን ግድግዳ ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። መኪናውን ብቻ ለሚነዳ ሰው መንገዱ ውብ ነው። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ጭነት በተጎታች ለሚስብ ግን የጀልባው ምርጫ የሚፈተነው ሐይቁ ላይ ሳይደረስ፣ እዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው።

በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ጀልባ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ለማቆምና በዕረፍት ቀናት ወደ ውሃ ለመውሰድ የሚያስብ ቤተሰብ ሁለት ዓይነት ጀልባዎች ይቀርቡለታል። አንደኛዋ 5 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያላት፣ ከፊቷም መቀመጫ የተበጀላትና ሆዷ ወደ ታች የሾለ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ሁለተኛዋ 5 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ሆዷ ጠፍጠፍ ያለ፣ እምብዛም ጌጥ የሌላት የአልሙኒየም ጀልባ ናት። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ፍጥነትና ስለ መቀመጫው ምቾት ነው። ገዢው አስቀድሞ ማንሳት ያለበት ግን ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችን ነው፦ ጀልባዋ ከነተጎታቹ ስንት ትመዝናለች? ውሃ ቢሞላትስ ምን ትሆናለች?

ማስታወቂያው የማይናገረው ክብደት

በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የሚሰፍረው ክብደት ባመዛኙ የባዶዋ ጀልባ ነው። ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ባትሪው፣ መልሕቁና ተጎታቹ ራሱ በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም።

ለአብነት ባዶዋን 800 ኪሎ ግራም የምትመዝን የፋይበርግላስ ጀልባ ትወሰድ። 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ ሞተር 170 ኪሎ ግራም ያህል ይጨምርባታል። 100 ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ባትሪው፣ መልሕቁ፣ ገመዱና የሕይወት አድን ጃኬቶቹ 80 ኪሎ ግራም፣ ተጎታቹ ደግሞ 350 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ድምሩ 1,475 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በማስታወቂያው ላይ ያለው “800” እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል ማለት ነው።

የአልሙኒየሟ ስሌት ቀለል ይላል። ጀልባዋ 400፣ ባለ 60 የፈረስ ጉልበት ሞተሯ 110፣ 50 ሊትር ቤንዚን 40 ገደማ፣ ዕቃዎቿ 60፣ ተጎታቹ 230 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ድምሩ 840 ኪሎ ግራም ነው። ይህም ቢሆን ብዙ የመኪና አምራቾች የራሱ ፍሬን ለሌለው ተጎታች ከሚፈቅዱት 750 ኪሎ ግራም ያልፋል። ስለዚህ ቀላሏን ጀልባ የመረጠ ቤተሰብም ፍሬን ያለው ተጎታች ያስፈልገዋል። በስምጥ ሸለቆው ቁልቁለት ላይ ጀልባውንም መኪናውንም በአንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ ለማቆም መሞከር ገንዘብ ከሚቆጠብባቸው ነገሮች የሚመደብ አይደለም።

የጭነቱ አቀማመጥም ከክብደቱ እኩል ያሳስባል። ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው በመኪናው መጎተቻ መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ ካነሰ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይዘቅጥና የፊት ጎማዎቹ መንገዱን የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል።

ውሃ ሲሞላ

68,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የቪክቶሪያ ሐይቅ በስሙ ሐይቅ ይሁን እንጂ በጠባዩ ለባሕር ይቀርባል። ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ሌሊትና ማለዳ ላይ የሚነሳው ነጎድጓዳማ ማዕበል ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎችን ለረጅም ዘመን ሲቀጥፍ የኖረ ነው። በኅዳር 2018 ሙኮኖ በተባለው የኡጋንዳ ወረዳ አቅራቢያ ቴምፕላር የተሰኘች የመዝናኛ ጀልባ ተገልብጣ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ሰው እንደጫነችና ፈቃድ እንዳልነበራት ተናግረዋል። ተሳፋሪዎቹ ለቅዳሜ ሽርሽር የወጡ ነበሩ።

ሾጣጣ ሆድ ያላት ጀልባ ሞገድን ሰንጥቃ ታልፋለች፤ ከኋላ የተቀመጡ ልጆችም አይላጉም። ለዚህ ምቾት የምታስከፍለው ዋጋ ተጨማሪ ክብደትና ትልቅ ሞተር ነው። በተጨማሪም ቆማ ሳለ ሰዎች ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰቡ ቶሎ ታጋድላለች። ሆዷ ጠፍጠፍ ያለችው የአልሙኒየም ጀልባ በተቃራኒው ስትቆም ትረጋለች፣ በትንሽ ሞተር ትሮጣለች፣ ዳር ድረስም ትጠጋለች። ሞገድ ሲገጥማት ግን ወለሉ እንደ ከበሮ ይደለቃል፤ ቀላል በመሆኗም ነፋስ በቀላሉ ይገፋታል።

ከአውሮፓ ገበያ የመጡ ጀልባዎች ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ በዚህ ረገድ ብዙ ይናገራል። “ሲ” የሚል ፊደል ያላት ጀልባ እስከ 2 ሜትር ለሚደርስ ሞገድ የተሠራች ናት። “ዲ” የምትለዋ ግን የታቀደችው ለተከለለ ውሃና ከግማሽ ሜትር ለማያልፍ ሞገድ ነው። በኪሱሙ፣ በኢንቴቤ ወይም በምዋንዛ በኩል ወደ ሰፊው ሐይቅ ለሚወጣ ቤተሰብ “ዲ” አትበቃም። እዚያው ሰሌዳ ላይ የሰፈረው የተሳፋሪ ቁጥር ደግሞ የመጨረሻው ገደብ ነው፤ መቀመጫ ተርፏል ተብሎ አይታለፍም። በተለይ ከፊት መቀመጫ ባላት ጀልባ ብዙ ሰው አፍንጫዋ ላይ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ትልቅ ሞገድ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል።

ብዙ ገዢዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። የእንጨት ጀልባ ብትሰበርም እንጨቱ ይንሳፈፋል። ፋይበርግላስም ሆነ አልሙኒየም ግን ከውሃ ስለሚከብዱ በራሳቸው ይሰጥማሉ። ከመስጠም የሚያድናቸው ከወለሉ ሥር የተሞላው ፎም ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከ6 ሜትር ገደማ የሚያንሱና ሞተራቸው ከኋላ የሚንጠለጠል ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም ሳይገለበጡ አግድም እንደተንጣለሉ መንሳፈፍ አለባቸው። ሞተራቸው ከውስጥ ለሆነ ጀልባዎች የሚጠየቀው ከዚህ ያነሰ ነው። በአካባቢው ወርክሾፖች በትእዛዝ የሚሠራ ጀልባ ሲገዛ ፎሙ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ያገለገለች ጀልባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። ፎሙ አርጅቶ ውሃ ከመጠጠ ጀልባዋ ትከብዳለች፤ ያንሳፍፋት የነበረውም ነገር ሸክም ይሆንባታል። ይህን ለማወቅ ርካሹ ዘዴ ጀልባዋን ከነተጎታቹ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አውጥቶ ከአምራቹ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ነው። ብዙ መቶ ኪሎ ግራም ልዩነት ከታየና ምክንያቱ ካልተገኘ ግዢውን መተው ይሻላል።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ብዙዎቹ ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ያሉ ናቸው። የቪክቶሪያ ሐይቅ 1,134 ሜትር፣ ናይቫሻ 1,890 ሜትር ገደማ፣ ጣና ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋሉ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሞምባሳ ላይ 115 የነበረው ሞተር ናይቫሻ ላይ ወደ 94 ይወርዳል። ከባዷ ጀልባ ቤተሰቡን ጭና ከውሃው ላይ ብድግ ማለት ሲያቅታት ሻጩን የሚወቅሱ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ከፍታው ነው። መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት ላይሆን ይችላል። ጥርመሱ ያነሰ ፕሮፔለር መግጠም ሞተሩን ወደ ትክክለኛው ዙር ይመልሰዋል። ናይቫሻም ሞምባሳም ለሚመላለስ ሁለት ፕሮፔለር መያዝ ብልህነት ነው።

ጨው፣ እምቦጭና የሰጠሙ ግራሮች

ለሕንድ ውቅያኖስ ፋይበርግላስ ይመረጣል። አልሙኒየም ከሌላ ብረት ጋር በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኝ ይበላል፤ መዳብ ያለበት ፀረ አረም ቀለም ከተቀባም ጉዳቱ ይፋጠናል። ናይቫሻ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሐይቁ ውሃ ባለፉት ዓመታት በመጨመሩ በዳርቻው የነበሩ ግራሮች ውሃ ውስጥ ቆመው ደርቀዋል፤ አንዳንዱ ግንድ ከላይ አይታይም። አልሙኒየም ከግንድ ጋር ሲላተም ይጎደጉዳል፣ ፋይበርግላስ ግን ይሰነጠቃል። በሌላ በኩል የተሰነጠቀ ፋይበርግላስ በብዙ ከተሞች ይጠገናል፤ አልሙኒየምን በአግባቡ የሚበይድ ባለሙያ ግን በቀላሉ አይገኝም።

የጣና ዳርቻ ነዋሪዎች አሳምረው የሚያውቁት እምቦጭ በቪክቶሪያና በናይቫሻም አለ። ሥሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበትን የውሃ መሳቢያም ይደፍናል። ለዚህ የትኛዋም ጀልባ መድኃኒት የላትም። ለጉማሬም እንዲሁ፤ ከእሱ የሚያድነው ርቀት ብቻ ነው።

የትኛዋ ለማን?

መኪናው መካከለኛ ለሆነ፣ ቤተሰቡ ከአምስት ለማይበልጥና በተከለለ ውሃ ዳር ዳሩን ለሚጓዝ ሰው የአልሙኒየሟ ትሻላለች። ዘወትር ወደ ሰፊው ቪክቶሪያ ወይም ወደ ባሕር የሚወጣና ጠንካራ ፒክአፕ ያለው ግን የፋይበርግላሷን ክብደት ቢሸከም ይበጀዋል። ሁለቱንም በአንዲት ጀልባ ለማግኘት የሚሻ ሰው በአብዛኛው ለሐይቁ የከበደች፣ ለባሕሩ የቀለለች ጀልባ ይዞ ይቀራል።

የትኛዋም ብትመረጥ የልጆች ጃኬት የሚገዛው በክብደታቸው ልክ ነው፤ “ሲያድግ ይሆነዋል” ተብሎ የተገዛ ሰፊ ጃኬት ውሃ ውስጥ በራስ በኩል ይወልቃል። መዋኘት ለማይችል ልጅ 50 ኒውተን የሚል ጃኬት አይበቃም፤ ኮሌታ ያለውና ፊትን ወደ ላይ የሚገለብጥ 100 ኒውተን ያስፈልጋል። በኬንያ የጀልባ ምዝገባና ፍተሻ የሚመለከተው የአገሪቱ ማሪታይም ባለሥልጣንን ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት ሰነድ ከክፍያ በፊት መታየት አለበት።

ተጎታቹም የራሱ ጠባይ አለው። ረጅም መንገድ የተጓዘ ጎማ ኩሽኔታው ይግላል። የጋለው ኩሽኔታ ቀጥታ ቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል፤ ግራሶው ይበላሻል፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ጎማው መንገድ ላይ ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ ከመንገድ እንደተደረሰ ወዲያው ውሃ ውስጥ አይገባም። ኩሽኔታው እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ በዚያም መሐል የጀልባዋ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ መወተፉ ይታያል።