ሁሉም «መስመር» አይደለም፦ ከእንጦጦ እስከ መገናኛ የምናያቸው መስመሮች በስማቸው

ኔትወርክ ሲጠፋ «መስመር የለም» እንላለን። የታክሲው ሰልፍ «መስመር»፣ የነጠላው ጫፍ «መስመር»፣ ከጎረቤት የሚለየንም ያው «መስመር»። አማርኛ ግን ለእያንዳንዱ ስም አለው። ስሙን መሳሳት ገንዘብ የሚያስከፍልበት ቦታም አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። እስቲ ከተራራው ጀምረን እንውረድ።

⛰ እንጦጦ ላይ

👉 ሸንተረር፦ ከከተማው ቀና ስትሉ የሚታየው ረጅሙ የተራራ ጀርባ። የእንጦጦ ሸንተረር ዝናብን ለሁለት ይከፍላል። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በኩል የወረደው ደግሞ ወደ አባይ ይሄዳል።

👉 አፋፍ፦ ሜዳው አልቆ ቁልቁለቱ ወይም ገደሉ የሚጀምርበት ጠርዝ። ፎቶ ስትነሱ «አፋፉ ጋ አትጠጉ» ከተባላችሁ እዚያው ቁሙ 😄

👉 ትልምና ፈር፦ ከተራራው ጀርባ ባሉ እርሻዎች ማረሻ መሬቱን ሰንጥቆ የሚተወው ትልም ይባላል። ፈርም የእርሻ ቃል ነው። «ፈር ቀዳጅ» መንገዱን መጀመሪያ ያወጣው ሰው ነው፤ «ነገሩ ፈሩን ለቀቀ» ስንል ከመንገዱ ወጣ ማለታችን ነው።

👉 እርከን፦ ተዳፋት ላይ አፈር እንዳይታጠብ በድንጋይ ወይም በአፈር የሚሠራ ደረጃ። ውሃ የሚሄድበት ግን ቦይ ነው።

🧵 ግርጌው ላይ፣ ሽሮ ሜዳ

👉 ድርና ማግ፦ ሸማኔው በቁመት የሚወጥረው ክር ድር፣ በመወርወሪያ በአግድም የሚያስገባው ማግ ነው።

👉 ጥለትና ዘርፍ፦ በነጠላው ጫፍ በቀለም ክር የሚሠራው ጌጥ ጥለት፣ ከጫፉ የሚንጠለጠለው ክር ዘርፍ ይባላል። ስታዝዙ «መስመሩ ሰማያዊ ይሁን» ከማለት «ጥለቱ» በሉ፤ ሸማኔው ወዲያው ይገባዋል።

🏙 ወደ የካ ስንመጣ

👉 ቱንቢና ውሃ ልክ፦ ኮተቤ አካባቢ ግንባታ ካያችሁ፣ ግንበኛው በክር ያንጠለጠለው ከባድ ነገር ቱንቢ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን ያሳየዋል። አግድሙ ትክክል መሆኑን የሚያየው በውሃ ልክ ነው።

👉 ሰልፍና ተራ፦ መገናኛ ላይ ተደርድረን የምንቆመው ሰልፍ ነው። ተራ ወይም ወረፋ ግን የእያንዳንዳችን ጊዜ ነው። ሰልፍ ይረዝማል፣ ተራ ይደርሳል። ተራ አስከባሪ የተባለውም ለዚሁ ነው።

⚠️ ይቺን ግን አትርሱ

👉 አጥር፣ ወሰን፣ አዋሳኝ፦ አጥር በዓይን የምታዩት ቆርቆሮ ወይም ግንብ ነው። ወሰን ይዞታው በካርታ ላይ የሚያልቅበት ነው። አዋሳኝ ደግሞ ከወሰኑ ማዶ ያለው ይዞታ ወይም መንገድ ነው። አጥርና ወሰን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይውሉም፤ አጥሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ወይም ወደ ውጭ ወጥቶ ሊታጠር ይችላል። ስለዚህ እናንተ ወይም ቤተሰቦቻችሁ ቤት ስትገዙ ሻጭ «እስከዚህ መስመር ድረስ የኛ ነው» ካለ፣ «አጥሩን ነው ወሰኑን?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርታውን ይዛችሁ ከመሬቱ ጋር ሳታስተያዩ አትፈርሙ።

እኛ የዘለልነው ስም ካለ ቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁና ጻፉልን 🙏