ፕሮፌሰርነቱን ትቶ ወደ ጄሊፊሽ የተመለሰው ሰው

የሳይንስ ላብራቶሪ ሲባል ማን ይታያችኋል? አብዛኞቻችን የሚታየን ሁለት ሰው ነው፦ ስሙ በሩ ላይ የተለጠፈው ፕሮፌሰርና ሌሊቱን ሙከራ ሲጠብቅ የሚያድረው ተማሪ። በብዙ የፕሮቲን ላብራቶሪዎች ውስጥ ግን ሦስተኛ ሰው አለ። ትምህርቱን ጨርሷል፣ ስለዚህ ተማሪ አይደለም። ላብራቶሪውን አይመራም፣ ስለዚህ አለቃም አይደለም። ሥራው በየቀኑ ሙከራ መሥራት ነው። ፈረንጆቹ ስታፍ ሳይንቲስት ይሉታል፤ እኛ እዚህ ጽሑፍ ላይ የላብራቶሪ ተመራማሪ እንበለው።

ይሄ ሰው ለምን ያስፈልጋል? ተማሪ በጥቂት ዓመታት ተመርቆ ይሄዳል። ፕሮፌሰሩ ያስተምራል፣ ስብሰባ ይቀመጣል፣ የምርምር ገንዘብ ያፈላልጋል። ታዲያ አንድን ፕሮቲን ለሃያ ዓመት በእጁ እየነካ ጠባዩን የሚያውቀው ማነው? ታሪኩን ባንድ ሰው እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ፕሮቲን ማጥራት ምንድነው?

አንድ ሴል ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች ተደባልቀው ይኖራሉ። አንዱን ለማጥናት ከሌሎቹ መለየት አለባችሁ። ወተት ተንጦ ቅቤው እንደሚወጣ አስቡት። ልዩነቱ ቅቤና አሬራ በአንድ ንጠት ሲለያዩ፣ ፕሮቲኖች ግን በጣም የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሠራው፤ አንዴ በመጠናቸው፣ አንዴ በኤሌክትሪክ ሙላታቸው፣ አንዴ ጨው ውስጥ በመሟሟት ችሎታቸው እየለዩ። ፕሮቲን ደግሞ በቀላሉ ይበላሻል። እንቁላል ሲጠበስ ነጩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ አይደል? ብዙው ሥራ በብርድ የሚሠራው ለዚህ ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ስሌት ሳላስገባ አላልፍም። በእያንዳንዱ ደረጃ ከፕሮቲኑ 80 በመቶው ቢተርፍ፣ ከአምስት ደረጃ በኋላ የሚቀራችሁ ሲሶው ብቻ ነው። አንዷ ደረጃ ላይ መሳሳት የወራትን ልፋት ውሃ ያስበላል።

ሲንኩ ውስጥ የበራው ብርሃን

ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1928 ጃፓን ውስጥ ተወለደ። በ1945 ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል፣ የ16 ዓመቱ ልጅ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ብልጭታው ለጊዜው ዓይኑን አጨለመበት። ከጦርነቱ በኋላ የፋርማሲ ትምህርት ተማረ፤ ትምህርት ቤቱ በጊዜያዊነት ቤቱ አካባቢ ተዛውሮ ስለነበር እንጂ መርጦት አልነበረም። በ1956 ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የባሕር እንስሳ ብርሃን የምትሰጥበትን ንጥረ ነገር አጥርቶ ክሪስታል አደረገው። አሜሪካ ውስጥ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያለ ቡድን ለዓመታት ሞክሮ ያቃተው ሥራ ነበር። የፕሪንስተኑ ፕሮፌሰር ፍራንክ ጆንሰን ይህን ሲሰማ ጋበዘው፤ ሺሞሙራም በ1960 ወደዚያ ሄደ።

በ1961 ክረምት ሁለቱ በምዕራብ አሜሪካ ጠረፍ ወደምትገኘው ፍራይደይ ሃርበር ወረዱ። የሚፈልጉት ጠርዟ አረንጓዴ የምታበራ ጄሊፊሽ ነበር፤ አጥንት የሌላት፣ ገላዋ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ የባሕር እንስሳ ናት። የሚያበራውን ነገር ለማውጣት የታወቁትን ዘዴዎች ሁሉ ሞከሩ፤ አልሆነም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ነገሩ ሲጨመቅ ወዲያው በርቶ ያልቃል። አንዴ ከበራ ደግሞ የሚጠራ ነገር የለም።

ሺሞሙራ ጀልባ ላይ ሆኖ ቀናት ሲያስብ ቆየ። ብርሃኑ የሚመጣው ከፕሮቲን ከሆነ፣ አሲድ ለጊዜው ሊያስቆመው ይገባል ብሎ ሞከረ። እውነትም ቆመ። የተረፈውን ፈሳሽ ሲንክ ውስጥ ሲደፋው ግን ሲንኩ በሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ! ወደዚያ ሲንክ የዓሣ ገንዳ የባሕር ውሃ ይፈስ ነበር። የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነበር ፕሮቲኑን ያበራው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ግልጽ ሆነ፦ ካልሲየምን የሚይዝ ኬሚካል ጨምሮ፣ ብርሃኑን ሳያባክኑ ማጥራት። ከ10,000 ገደማ ጄሊፊሽ የተገኘው ንጹሕ ፕሮቲን ወደ 5 ሚሊግራም ነበር። ኤኩኦሪን ተባለ፤ ውጤቱም በ1962 ታተመ።

በማጥራቱ መሀል ሌላ ነገርም ተለይቶ ወጣ፤ አረንጓዴ የሚል ፕሮቲን። ኤኩኦሪን ብቻውን ሰማያዊ ሲያበራ፣ ጄሊፊሿ አረንጓዴ የምታበራው ይሄኛው ጉልበቱን ተቀብሎ ቀለሙን ስለሚለውጠው ነው። ያኔ ግን ማንም ብዙ ትኩረት አልሰጠውም።

ከወንበሩ ወደ ጠረጴዛው

በ1963 ሺሞሙራ ናጎያ ተመልሶ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ሌላው ሰው ቢሆን እዚያው ይደላደል ነበር። እሱ ግን በ1965 ወንበሩን ትቶ ጆንሰን ላብራቶሪ ውስጥ ተመራማሪ ለመሆን ፕሪንስተን ተመለሰ፤ ኤኩኦሪን እንዴት እንደሚያበራ ገና አልተፈታምና። አንድ ሙከራ ብቻ ወደ 50,000 ጄሊፊሽ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ከባለቤቱ አኬሚና ከሁለት ልጆቹ ጋር ፍራይደይ ሃርበር እየወረደ በመረብ ያጠምዳል፣ ጠርዛቸውን ይቆርጣል፣ ይጨምቃል። ባለፉት ዓመታት የሰበሰቡት ሁሉ ሲደመር ወደ 850,000 ይደርሳል።

ያንን አረንጓዴ ፕሮቲንም አልጣለውም፤ በጎን ያጠራቅመው ነበር። በ1974 ከባልደረቦቹ ጋር አጥርቶ ክሪስታል አደረገው፣ በ1979 ደግሞ ቀለም ሰጪው ክፍል ምን ዓይነት እንደሆነ አሳየ። ይህ ክፍል ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ከፕሮቲኑ ከራሱ አሚኖ አሲዶች የሚሠራ ነው። ይሄ ለምን ወሳኝ ሆነ? ጂኑን ብቻ ሌላ እንስሳ ውስጥ ብታስገቡት እንስሳው ራሱ የሚያበራውን ፕሮቲን ይሠራል ማለት ነዋ! ማርቲን ቻልፊ በ1994 ይህንኑ በባክቴሪያና በትንሽ ትል አሳየ፤ ሮጀር ቺየን ደግሞ ፕሮቲኑን አሻሽሎ ሌሎች ቀለማት ጨመረበት። ዛሬ ሳይንቲስቶች የካንሰር ሴል ሲሰራጭ ወይም ነርቭ ሲያድግ በዓይናቸው የሚከታተሉት በዚህ ነው። በ2008 ሦስቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ያልተሸለመው

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ቻልፊና ቺየን የተጠቀሙበትን ጂን ፈልጎ ያገኘው፣ በ1992ም ያሳተመው ዳግላስ ፕራሸር ነው። እሱ ግን የምርምር ገንዘብ አለቀበት። ጂኑን ለሁለቱ ልኮ ዉድስ ሆል ከሚገኘው ተቋሙ ለቀቀ። ኖቤሉ ሲታወጅ አላባማ ውስጥ ለአንድ መኪና ሻጭ ድርጅት ደንበኞችን በመኪና ያመላልስ ነበር። ቻልፊና ቺየን ወጪውን ሸፍነው ስቶክሆልም ጋበዙት፤ ኋላም ቺየን ላብራቶሪ ውስጥ የመሥራት ዕድል አገኘ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። የችሎታ ልዩነት አይደለም። ለሺሞሙራ ጆንሰን የሚባል አለቃና ለዓመታት ያልተቋረጠ ገንዘብ ነበረው፤ ለፕራሸር አልነበረውም። የላብራቶሪ ተመራማሪ ኑሮ ዛሬም በብዙ አገር እንዲሁ ነው፦ ደመወዙ ፕሮፌሰሩ ባመጣው ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ሰውየው ይሄዳል፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረው የእጁ ዕውቀትም አብሮት ይሄዳል።

ዛሬ ያንን አረንጓዴ ፕሮቲን ለማግኘት ጄሊፊሽ አይታረድም። ጂኑ የገባበት ባክቴሪያ በአንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ከ5 ሚሊግራም በላይ ይሠራላችኋል። ፕሮቲኑ ግን አሁንም በራሱ አይጠራም። አንድ ቀን ላብራቶሪ የመጎብኘት ዕድል ካገኛችሁ፣ ፕሮፌሰሩን ካናገራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «እዚህ ፕሮቲኑን የሚያጠራው ማነው?» ከዚያ እሱ ወይም እሷ ጋ ሄዳችሁ፣ ያንን ፕሮቲን ስንት ዓመት እንደሚያውቁት ጠይቋቸው።