ሚያዝያ 27ና ቀን ያልተቆረጠለት ተጋድሎ

ሚያዝያ 27 ቀን በአገራችን ዜና መዋዕል ውስጥ ሁለት ጊዜ የተጻፈች ዕለት ናት። በ1928 ዓ.ም. በዚህች ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተው፣ ጠባቂ አጥታ በዝርፊያና በቃጠሎ ስትታመስ የሰነበተችው አዲስ አበባ በማርሻል ባዶልዮ በሚመራው በፋሺስቱ ጦር እጅ ወደቀች፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ልክ በ5ኛው ዓመት፣ በዚያችው ዕለት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንጦጦ በኩል ወርደው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ በተሰለፉት የሸዋ አርበኞች መካከል አልፈው ወደ መናገሻ ከተማቸው ገቡ። ይህ መገጣጠም እንዲያው የወደቀ ዕጣ አልነበረም፤ ከተማይቱ ከአንድ ወር በፊት ነፃ ወጥታ ሳለች የእንግሊዝ የጦር ሹማምንት በውስጧ ለቀሩት ጣሊያኖች ደኅንነት ሰግተው ንጉሠ ነገሥቱን በደብረ ማርቆስ አቆይተዋቸው ነበርና፣ መግቢያቸው ሲቆረጥ የኀዘኑ ቀን ራሱ የደስታ ቀን ይሆን ዘንድ ተመረጠ። በዚያን ቀን ያደረጉትም ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ የሚለምን ስለ ነበረ፣ የበዓሉ መሠረት ከበቀል ይልቅ በምሕረት ላይ ተጣለ።

የወታደራዊው መንግሥት ዘመን በመጣ ጊዜ ግን የድሉ መታሰቢያ ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ፤ ምክንያቱም በ1933 ዓ.ም. በዚያች ዕለት ከኬንያ በሶማሌ ምድር አድርጎ በሐረርጌ በኩል የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ስለ ያዘና፣ ሚያዝያ 27 ግን ከንጉሡ ስም ጋር የተቆራኘ ስለ ሆነ ነበር። ያ መንግሥት ሲያልፍ በዓሉ ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ። ስለ ሁለቱ ቀኖች ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ እኔ ግን ክርክሩ ራሱ አንድ ትልቅ ነገር እንደ ዘነጋ ይሰማኛል፤ ይኸውም ሁለቱም ቀኖች ማን ወደ ከተማ እንደ ገባ የሚናገሩ መሆናቸው ነው። ከዱር ያልወጣው፣ ከገደል ያልወረደው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ጫማ ሳይጫማና ጣሪያ ሳያይ የተጋደለው ሰው ግን በአንዲት ዕለት አልዘመተም፤ በአንዲት ዕለትም አላሸነፈም፤ ስለዚህ የእርሱ ጦርነት በቀን መቍጠሪያ ላይ ስፍራ አላገኘም።

ደግሞም በዓሉ በተከበረበት ቀን ጦርነቱ አላበቃም ነበር። የጣሊያኑ ጦር የበላይ አዛዥ የአኦስታው መስፍን በአምባ አላጌ እጁን የሰጠው ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጄኔራል ናሲ የመሸገባት ጐንደር የወደቀችው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ሰንደቅ ዓላማዋን ሰቅላ እልል ባለች ጊዜ፣ የበጌምድር አርበኞች፣ ከእነርሱም መካከል አሞራው ውብነህ የሚባሉት ውብነህ ተሰማና አብረዋቸው የዘመቱት ሁሉ፣ ገና የክረምቱን ዝናብና የቁልቋል በርን ምሽግ ከፊታቸው ያዩ ነበር።

ወደ መነሻው ስንመለስ፣ የተጋድሎው የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለት መንግሥት በሠራዊቱ የተዋጋው ጦርነት፣ ሰባት ወር ያህል የፈጀ ነው፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት መረብን ሲሻገር ጀምሮ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ላይ ታላቁ ሠራዊት ተፈታ። በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ በተፈረመው ውል የተከለከለው የመርዝ ጢስ ከአውሮፕላን እየተረጨ፣ በእግሩ የሚሄደውን ወታደርና የሚጠጣውን ውኃ አብሮ አቃጠለ። የውጭ አገር ጋዜጦች ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ዋናው ታሪክ፣ በእኔ ግምት ከማይጨው ይልቅ ለወታደራዊ ታሪካችን ትምህርት የሚሆነው ታሪክ፣ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሠራዊት ሳይኖር፣ ግምጃ ቤት ሳይኖር፣ ከላይ የሚመጣ ትእዛዝም ሳይኖር ሕዝብ ራሱን ሠራዊት ያደረገበት ዘመን ነውና።

የዚያው ዓመት ክረምት ሳይጠባ በነቀምት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖችና የተማሩ ወጣቶች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በሰኔ ወር ቦነያ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች አቃጥለው መኰንኖቹን ገደሉ። ሐምሌ 21 ቀን ደግሞ የደጃዝማች አበራ ካሣ፣ የአበበ አረጋይ፣ የፍቅረ ማርያምና የሌሎችም ጦር ከየአቅጣጫው አዲስ አበባን ለማጥቃት ተነሣ፤ ነገር ግን ወንዝ ሞልቶ፣ መልእክት ዘግይቶ፣ አንዱ ሲደርስ ሌላው ሳይደርስ ቀርቶ ሳይሳካ ቀረ። ከአርበኞቹ ጋር የመጡት አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው፣ ለፋሺስት እንዲገዙና አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ፣ ምድሪቱም ሕዝቡም እንዳይገዛ ገዝተው የሰማዕትነትን ጽዋዕ ጠጡ። ያ ግዝት ምን ያህል ሥራ እንደ ሠራ የሚመዝን የጦር ታሪክ እስካሁን አላነበብሁም፤ ነገር ግን ቃለ ግዝትን ከነፍሱ በላይ ለሚፈራ ገበሬ የጳጳስ ውግዘት ከብዙ ጥይት የበለጠ ስንቅ እንደ ነበረ አልጠራጠርም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ የፈሰሰውን ደም የኢትዮጵያ መንግሥት በ30,000 ነፍስ ቈጥሮታል። በግንቦት ወር ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ፤ ጄኔራል ማሌቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱን በላጋ ወልዴ ሸለቆ አሰልፎ በመትረየስ ፈጃቸው፤ ዲያቆናቱንም ወስደው በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንግጫ በምትባል ስፍራ ጨረሷቸው። ግራዚያኒ ይህን ያደረገው ሸዋን በፍርሃት ጸጥ ለማሰኘት ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቤት ተቀምጦ መዳን እንደሌለ ያየ ሁሉ፣ ከመሞት የማይተርፍ ከሆነ ጠመንጃ ይዞ ይሙት ብሎ ወደ ዱር ጐረፈ። በመንዝ፣ በቡልጋ፣ በመርሐቤቴና በጣርማ በር አበበ አረጋይ፤ በጐጃም አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ፤ በወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ፤ በጊንጪ በኩል ገና በ15 ዓመት ዕድሜው ጫካ የገባው ጃገማ ኬሎ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ዕዝ ሥር ሳይሆኑ አንድ ጦርነት ተዋጉ።

ይህ ጦርነት እንዴት እንደ ተካሄደ ማወቅ ለሚሻ ሰው ከአለቆቹ ስም ይልቅ የስንቁን ነገር መመርመር ይበጀዋል። አርበኛው የሚተኩሰው ጥይት አብዛኛው ከጠላት የተማረከ ነው፤ የሚበላው ግን በሌሊት የተፈጨ ነው። ጭስ እንዳይታይና አውሮፕላን እንዳይመጣ በቀን እሳት ስለማይነድ፣ ሴቶች በጨለማ እህል ፈጭተው፣ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅተው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ገደል ለገደል ያደርሱ ነበር። ጠላት ይህን ስላወቀ ሰው ካጣ መንደር አቃጠለ፤ ከብት ነዳ፤ አዝመራ አወደመ። ዓሣን ለመያዝ ኵሬውን እንደሚያደርቅ ሰው፣ አርበኛውን ለማግኘት ገበሬውን አጠፋ። በከተማ ውስጥ ደግሞ «የውስጥ አርበኛ» የተባሉት ነበሩ፤ በጠላት መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት እየሠሩ፣ ሌላው ሰው ባንዳ እያላቸው፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ጫካ የሚልኩ። የእነዚህ ሰዎች ተጋድሎ ከፊት ለፊት ከሚዋጋው ሰው ያነሰ አይደለም፤ እንዲያውም ስድብን በዝምታ መቀበል የሚጨምርበት በመሆኑ አንዳንድ ጊዜ የሚበልጥ ይመስለኛል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስለዚህ ሥራቸው ተይዘው፣ ተሠቃይተው፣ ወደ ጣሊያን አገር ተግዘው ከተመለሱ በኋላ እንኳ ዳግመኛ ከአርበኞች ጋር የቆሙ ናቸው። ወይዘሮ ከበደች ሥዩምም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የሕይወት ዋስትና ተሰጥቷቸው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በፍቼ ሲገደሉ፣ አራስ ሳሉ ጦሩን ተረክበው ዘመቱ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የሚይዘው የዘረት ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ አካባቢ፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባል ስፍራ የአበበ አረጋይ ሰዎች ቤተሰብ፣ ቍስለኞች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ከከብታቸው ጋር ተጠልለው ነበር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣሊያን ጦር ደረሰባቸውና ዋሻውን ከበበ፤ በመድፍና በመትረየስ ማስወጣት ባቃተው ጊዜ የጋዝ ክፍል አስመጥቶ፣ ለአውሮፕላን ቦምብ የተሠራውን የመርዝ ፈሳሽ ወደ ዋሻው አፍ አወረደ። ጥቂቶች፣ ከእነርሱም ተሾመ ሻንቁጥ፣ በሌሊት ከበባውን ሰብረው ወጡ፤ በማግስቱ እጃቸውን ከሰጡት ወንዶች 800 ያህሉ በገደሉ ጫፍ ተረሸኑ። ይህ የሆነው ሙሶሊኒ ጦርነቱ አልቋል ብሎ ካወጀ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የአካባቢው ሰው ነገሩን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወራው የኖረ ቢሆንም፣ ዓለም የሰማው ግን ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በጦሩ መዝገብ ውስጥ ወረቀቱን አግኝቶ፣ ከዚያም ወደ ስፍራው ሄዶ፣ በዋሻው ውስጥ የተበተነውን ዐፅም ካየ በኋላ ነው። የእኛን ሙታን ያገኘልን የገዳዮቻቸው መዝገብ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ የሚያሳፍረኝም መረጃው ስለ ጠፋብን ሳይሆን፣ በዘረት ገበሬ አፍ ላይ ሳለ ጠይቀን ያልጻፍነው በመሆኑ ነው።

አገር ለእነዚህ ሰዎች ያደረገችው ምላሽም ቀጥተኛ አልነበረም። ድሉ ከመጣ በኋላ ብዙ የጠላት አገልጋይ የነበረ ሰው ማንበብና መጻፍ በማወቁ ሢመት አገኘ፤ ብዙ አርበኛ ደግሞ ሜዳይ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ደጅ ሲጠና ከረመ። በላይ ዘለቀ፣ ጐጃምን በጠላት ፊት ያቆመው ሰው፣ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ በስቅላት ተቀጣ። በመንግሥት ላይ አምፆ ነበርና ፍርዱ የሕግ መልክ እንደ ነበረው የሚከራከሩ አሉ። እኔ ግን ያን ፍርድ ከአገሪቱ ታላላቅ ስሕተቶች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ ከአምስት ዓመት ተጋድሎ በኋላ ለጀግና ምሕረት የሚነፈግበት ምክንያት አይታየኝምና፤ ይልቁንም ለጠላት ወገኖች እንኳ ምሕረት በታወጀባት ከተማ።

በየዓመቱ በአራት ኪሎው የድል ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ፣ ጎፈር የደፉና ጋሻ ያነገቡ አረጋውያን ሲፎክሩ፣ ሽለላው ሲሰማ፣ ማንም ኢትዮጵያዊ ልቡ ሳይነካ አይቀርም። ነገር ግን ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ጥቂት ቀርተዋል፤ በቅርቡም ማንም አይቀርም። ስለዚህ በዚህ በዓል ሰሞን እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን መዝገብ ቢከፍት እላለሁ፤ በየትኛው ዋሻ ማን እንደ ተጠለለ፣ ማን ስንቅ እንደ ፈጨ፣ የትኛው መንደር በየትኛው ወር እንደ ተቃጠለ፣ የማን አባት ባንዳ እየተባለ ለአርበኞች ጥይት ያሻግር እንደ ነበር፣ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው አፍ ይጻፍ። ካህናቱም በየአጥቢያው ይህን መዝገብ ተቀብለው ስማቸውን በፍትሐት ጸሎት ይጥሩ። ከዘረት ብንጀምር መልካም ነው፤ በዚያ ከሞቱት የአብዛኞቹ ስማቸው እስካሁን በወረቀት ላይ አልሰፈረምና።