በልብ ላይ የቀረ ጠባሳ

ጀርመናዊው ወጣት ሐኪም ቬርነር ፎርስማን በ1929 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ካቴተር የተባለውን ቀጭን ቱቦ በክንዱ ደም መላሽ አስገብቶ እስከ ገዛ ልቡ ሲያደርስ፣ በዚያ መንገድ ልብን ማቃጠል ይቻላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሐሳቡ እውን የሆነው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በሳን ፍራንሲስኮ ሜልቪን ሻይንማንና ባልደረቦቹ ለተዛባ የልብ ምት በካቴተር በኩል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጡ። ቆየት ብሎም ንዝረቱ በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ተተካ።

እጅግ ያስቸገረው ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነበር። በዚህ ሕመም የልብ የላይኛው ክፍል በወጉ መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል፤ በውስጡ የሚረጋው ደምም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ጄምስ ኮክስ በ1987 ደረት ከፍቶ ይህንኑ ክፍል እየቆረጠ መልሶ ሰፋው። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና ለተዛባው ምት አጥር ይሆናል። በ1998 ደግሞ የቦርዶው ሚሼል አይሳጌርና ባልደረቦቹ 45 ሕሙማንን መርምረው፣ ምቱን ከሚያውኩት 69 መነሻዎች 65ቱን በሳንባ ደም መላሾች ውስጥ አገኙ። ከዚያ ወዲህ የማቃጠሉ ዋና ዒላማ ታወቀ።

መዘዙም አብሮ መጣ። በደም መላሾቹ ውስጥ ማቃጠል ሥሮቹን ስለሚያጠብ፣ ሐኪሞች ወደ አፋቸው፣ በኋላም ከአፋቸው ውጭ ወዳለው ግድግዳ ሸሹ። የባሰው ግን ከራሱ ከጠባሳው ተወለደ። የተቃጠለው መስመር አንዲት ቀዳዳ ከቀረችው፣ ኤሌክትሪኩ በእርሷ ሾልኮ በጠባሳው ዙሪያ ይሽከረከራል። ትናንት ልቡ ያለ ሥርዓት ይመታ የነበረ ሰው ዛሬ ሥርዓት ያለው፣ ነገር ግን እጅግ ፈጣን ምት ይገጥመዋል፤ ይህኛው በመድኃኒት ለመግታት ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ይከብዳል። አጥር ያጠረው እጅ ለሌባው መዞሪያ ሠራለት ማለት ነው።

ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ብዙ ማቃጠል የተሻለ ይመስል ነበር። በ2015 የታተመ፣ ሕመሙ የጸናባቸውን 589 ሰዎች ያካተተ ጥናት ይህን እምነት አናጋው፦ ደም መላሾቹ ብቻ ከተከለሉላቸው ሕሙማን 59 በመቶው ከ18 ወራት በኋላ ሕመሙ አልተመለሰባቸውም፤ ተጨማሪ መስመር ከተቃጠለላቸው ግን እንዲህ የሆኑት 46 በመቶው ብቻ ናቸው። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ የጸና ባይሆንም፣ የድካሙ ጥቅም አልታየም።

ከሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚታየው መዛባት ደግሞ ሌላ ክርክር ነበረው። ልብ ገና እየዳነ ነው በሚል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተመለሰ ምት እንደ ውድቀት አይቆጠርም ነበር። በ2024 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የስምምነት ሰነድ ጊዜውን ወደ ሁለት ወር አሳጠረው፤ ዘግይቶ የሚታየው መዛባት ብዙ ጊዜ እውነተኛ የሕመሙ መመለስ ሆኖ ተገኝቷልና። ቀድሞ በ10ኛው ሳምንት «ታገሥ» ይባል የነበረ ሕመምተኛ፣ በአዲሱ መለኪያ ሕመሙ እንደተመለሰበት ይቆጠራል።