የጥለቱ ባለቤት

በልብስ ንግድ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው የደንበኞቹን ጠባይ ከእጃቸው አኳኋን ለይቶ ያውቃል። ከባሕር ማዶ የመጣ ኮት ወይም ቀሚስ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ የአንገትጌውን ውስጥ ገልጦ በዚያ የተሰፋውን ስም ያነብባል፤ የአገር ልብስ የሚያነሣ ሰው ግን የጥለቱን ስፋት በስንዝር ለክቶ፣ የፈትሉን ቅጥነት በጣቶቹ መካከል አሽቶ ዋጋውን ይጠይቃል እንጂ የማን እጅ እንደ ሠራው መጠየቅ በሐሳቡ አይመጣም። በቡቲኬ ውስጥ ይህን በየዕለቱ ስመለከት ነገሩ ልቤን ሲከነክነው ኖሯልና፣ በአገራችን የማጌጥ ክብር ለማን ሲሰጥ እንደ ኖረ፣ የሠሪውስ ስም ስለ ምን ከልብሱ እንደ ተለየ ከመሠረቱ አንሥቼ ለመጻፍ ወደድሁ።

በመጀመሪያው ምዕት ዓመት በግሪክኛ የተጻፈውና የቀይ ባሕርን ወደቦች የሚዘረዝረው የነጋዴዎች መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል በግብፅ የተሠሩ አልባሳትን፣ በቀለም የተነከሩ መጎናጸፊያዎችን፣ ዘርፍ ያላቸውን የተልባ እግር ልብሶችና ከሕንድ የሚመጣውን የጥጥ ጨርቅ ይቈጥራል። በአራተኛው ምዕት ዓመት የነገሠው ዒዛናም በኖባ ላይ ስለ ዘመተው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ካጠፋው የጠላት ሀብት መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ይጠቅሳል፤ የሚለበሰው ከሚበላው ጋር በአንድነት መጠራቱ በዚያ ዘመን ጥጥ ምን ያህል ክቡር ሀብት እንደ ነበረ ያስረዳል። በስድስተኛው ምዕት ዓመት ከቍስጥንጥንያ ወደ አክሱም የተላከው መልእክተኛ ደግሞ ንጉሡን ከወገቡ በታች በወርቅ ያጌጠ የተልባ እግር ልብስ ለብሶ፣ በራሱም ላይ የወርቅ ክር ያለበት ጥምጥም ጠምጥሞ እንዳየው ተጽፎ ይገኛል። በእነዚህ ሁሉ ጽሑፎች ውስጥ ነጋዴው አለ፣ ንጉሡም አለ፤ ሸማኔው ግን የለም።

በመካከለኛው ዘመን ልብስ የሀብት ምልክት ከመሆኑ ይልቅ የፈቃድ ምልክት ሆኖ እናገኘዋለን። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ወደ ንጉሡ ሰፈር የተጠራ ሹም ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ ወይም በትከሻው ላይ የበግ ለምድ ብቻ ጥሎ ይቈይ ነበር፤ ልበስ ተብሎ ከታዘዘም በኋላ ሞገስ እንዳገኘ ሕዝቡ ሁሉ በልብሱ ያውቅ ነበር። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዘመናት ሰፊ ቀይ መስመር ያለበትን ጃኖ መልበስ የማዕርግ ነገር ሆኖ ኖረ፤ የሐር ቀሚስና ወርቀ ዘቦ ግምጃ፣ የከፋይ ካባና ለምድም ከንጉሥ እጅ በሽልማት የሚወርዱ እንጂ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከገበያ ገዝቶ የሚደርባቸው አልነበሩም። እንግዲህ በዚያ ዘመን በልብስ ላይ የተጻፈ ስም አለ ከተባለ፣ ያ ስም የሰጪው የንጉሡ ስም ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ንጉሥ ሊሰጠውም ሊከለክለውም የማይችለው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የአለባበስ ሞገስ ነው። የአገራችን ሸማ መቀስ ያልነካው፣ መርፌም ብዙ ያልገባበት ረጅም ጨርቅ ስለ ሆነ፣ ጌጡ በስፌቱ ሳይሆን በአጣጣሉ ላይ አረፈ። በንጉሥና በዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ታጥቆ ያደገድጋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ምእመን ነጠላውን በሁለት ትከሻው ላይ አመሳቅሎ በትእምርተ መስቀል ይለብሳል፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ወደ ላይ መልሶ በአንገቱና በፊቱ አጠገብ ያደርገዋል፤ በዓል የሚያከብረው ጥለቱን ወደ እግሩ አውርዶ ያሳያል፤ ታላቅ ሰው ከበታቹ ፊት ሲቀመጥ አፉን እስከ አፍንጫው ድረስ ይከናነባል። አንዱ ጨርቅ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይህን ሁሉ ይናገር ነበር። ሁለት ወይዛዝርት በአንድ ሸማኔ እጅ የተሠራ አንድ ዓይነት ነጠላ ለብሰው በአንድ ደጀ ሰላም ቢያልፉ፣ አንደኛዪቱ በጨርቁ የተሸፈነች ስትመስል ሁለተኛዪቱ ጨርቁን የምታዝዘው ትመስላለች፤ ይህን ልዩነት በገንዘብ ለመግዛት የሞከሩ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዱም ሲሳካለት አላየሁም።

የልብሱ ዕቅድ ከወዴት ይወጣ እንደ ነበረ ለማወቅ የጥጡን ጉዞ መከተል ያስፈልጋል። ጥጡ ከፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ከሆነ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሥራ የሴቶች ሥራ ነበር፤ የባላገር ሚስት ብቻ ሳትሆን የመኳንንት ሚስቶችና ልጆች ሳይቀሩ ይፈትሉ ነበርና፣ ቀጭን ፈትል የማውጣት ሙያ የወይዘሮነት መለኪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ሴቲቱ ድሩንና ማጉን አዘጋጅታ፣ ለጥለቱ የሚሆነውን ባለ ቀለም ክር ከገበያ ገዝታ፣ ስፋቱን ወስና፣ ለማን እንደሚሆንና ለየትኛው በዓል እንደሚደርስ አስታውቃ ወደ ሸማኔው ትልከዋለች፤ ሸማኔው የሚቀበለው የእጁን ዋጋ ብቻ ነው። ዛሬ በፈረንጅ ቋንቋ ዲዛይነር የምንለውን ሥራ እኩሌታውን የሠራችው እርስዋ ነበረች፤ ይህን ስናገር በድፍረት ነው።

እኩሌታው ግን የሸማኔው ነበር። በጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ ድሩን እየከፈለ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ ሸማውን ሲያወርድ ቈይቶ ጥለቱ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ፍጥነቱን ይተዋል፤ የድሩን ክር በጣቱ እየቈጠረ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ ቢጫውን ከጥቁሩ እያስገባ፣ በወረቀት ላይ ያልተሣለውን ሐረግ ከልቡ እያወጣ ይሠራዋል። በአንድ ክር ቢሳሳት ስሕተቱ እስከ ጥለቱ መጨረሻ ይከተለዋል። ባለ ቀለም ክር እንደ ልብ በማይገኝበት በጥንቱ ዘመን ከሕንድ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ተርትሮ ክሩን ለጥለት ማዋል የተለመደ ነበር፤ አንድ የተሠራን ልብስ አፍርሶ በሌላው ልብስ ጫፍ ላይ ጌጥ አድርጎ ማስነሣት እንደ ምን ያለ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የጥለት ክር በእጁ የነካ ሰው ያውቀዋል።

ይህን ጥበበ እድ የያዘው ሰው ግን በአገሩ ኅሡር ሆኖ ኖረ። በጎንደር ከተማ ሽመናን ይሠሩ የነበሩት አብዛኛዎቹ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ርስት በመያዝና በማዕርግ ከሌላው ሕዝብ የተለዩ ነበሩ። አንጥረኛውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ ያለው አፍ ሸማኔውንም ቁጢት በጣሽ ብሎ ሰደበው፤ የሰደበውም አፍ በዚያው ሸማኔ እጅ በተሠራ ኩታ ተከናንቦ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ማምሻ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በዐዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአንደበት ቶሎ አልጠፋም። የሠሪው ስም ከልብሱ የተለየበት ምክንያት በእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ በጓሮ በር የሚገባ ሰው ስሙን በአደባባይ በሚለበስ ነገር ላይ ሊጽፍ አይችልም ነበርና።

በባሕር ማዶ ግን በዚያው ዘመን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ዐፄ ቴዎድሮስ በኢትዮጵያ ነግሠው ሳሉ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1858፣ ቻርልስ ፍሬድሪክ ዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ በፓሪስ ሩ ደ ላ ፔ በሚባለው ጎዳና የልብስ ቤት ከፈተ። ከእርሱ በፊት ልብስ ሰፊ ወደ ወይዘሮዪቱ ቤት ሄዶ ያዘዘችውን የሚሰፋ አገልጋይ ነበር፤ ዎርዝ ግን ልብሱን ራሱ አስቦ ሠርቶ፣ በሴቶች ላይ አልብሶ ያሳይ ጀመርና ወይዘሮዎቹ ወደ እርሱ ይመጡ ጀመር። የናፖሊዮን ሣልሳዊ ሚስት እቴጌ ኡዤኒ ደንበኛው ሆነች፤ እርሱም ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ እንደሚፈርም ስሙን በልብሱ ውስጥ አሰፋ። ዛሬ ደንበኞቼ አንገትጌ እየገለጡ የሚያነብቡት ሁሉ የዚያ ሰው ልማድ ውላጅ ነው። በፓሪስ ሠሪው ሲከብር ለባሺቱ ፈቃዷን ለሠሪው አስረከበች፤ በእኛ ዘንድ ለባሺቱ ፈቃዷን ጠብቃ ሠሪው ስሙን አጣ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብባል ሁለቱንም በሙሉ ልቤ አልቀበልም።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ የአለባበስ መልክ በፍጥነት ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ጥቁር የፈረንጅ ባርኔጣ ደፍተው፣ በወርቅ ያጌጠ ካባ ደርበው በፎቶግራፍ እናያቸዋለን፤ ይህን የመሰለውን የአገርና የባዕድ ነገር ቅንብር ማንም አማካሪ አልሠራላቸውም፤ የራሳቸው ነው። እንደ መሐመድ አሊ ያሉ የሕንድ ንግድ ቤቶች ጨርቃ ጨርቁን በገፍ አስገቡ። በፈረንጆች 1903 መጨረሻ አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋል፣ አገሩ ለዚህ ገበያ የምትሸጠው ዋና ዕቃ አቡጀዲ ነበር። በዚያው ዘመን የደቡቡ አገር በዘመቻ ከተያዘ በኋላ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ወገን ሸማኔዎች ወደ ከተማይቱ መጥተው ከእንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳ ዕቃቸውን ተከሉ። በእነዚህ ሰዎች አገር ሽመና የማያስነውር፣ የጨዋ ሰው ሥራ ነበር፤ ስድቡን የተማሩት አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ነው። የከተማይቱን ሕዝብ ለበዓል የሚያለብሱት ግን እስከ ዛሬ እነርሱና ልጆቻቸው ናቸው።

ፋብሪካዎቹም ተከተሉ፤ የድሬዳዋው፣ የአቃቂው፣ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳሩ። የፋብሪካ ክር ድሩን ሲይዝ የእጅ ፈትል ማጉን ብቻ ይዞ ቀረ፤ እንዝርቱም ቀስ በቀስ ከወይዛዝርቱ እጅ ወጣ። የስፌት መኪና ሲበዛም ቀሚሱ በሰውነት ልክ ተቈርጦ፣ ጥለቱ በደረት መካከል እየወረደ፣ በእጅጌና በዘርፍ ላይ እየዞረ ይሰፋ ጀመር፤ በዚህም ጊዜ ልብስ ሰፊውና ጥልፍ ጠላፊው በሴቲቱና በሸማኔው መካከል ገቡ።

ልብስ ምን ያህል የሰውን ልብ እንደሚያናውጥ ለማየት መጋቢት 1960 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ፣ ትርኢቱ የባዕድ ባህል ማስፋፊያ ነው ያሉ ተማሪዎች ዕንቍላል ወርውረው አወኩት፤ የሚኒ ስከርት ነገርም የፖለቲካ ክርክር ሆነ። የተማሪዎቹ ቍጣ ስለ አገር ክብር እንደ ነበረ አምናለሁ፤ ዳሩ ግን ዕንቍላሉ የወደቀው በሴቶች ልጆች ላይ ነው፤ ሴት ልጅ የምትለብሰውን ራስዋ ትምረጥ የሚል ድምፅ በዚያ ቀን ከየትኛውም ወገን ጐልቶ አለመሰማቱ ዛሬም ያሳዝነኛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው አብዮት ደግሞ ካኪውን አንግሦ የክርክሩን በር ዘጋው።

አሁን ያለንበት ዘመን የሸማኔውን እጅ በዓለም ፊት ያወጣ ዘመን ነው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በፈረንጆች 2007 ለምለም የተባለውን ድርጅት ስታቋቁም የአዲስ አበባ ሸማኔዎች ሥራ በኒው ዮርክ ሱቆች ተሰቀለ፤ ዲዛይነር ፍቅርተ አዲስም የእጅ ሽመናን መሠረት ባደረገ ሥራዋ ታወቀች። በአንጻሩ ደግሞ የጥለቱ መልክ በማሽን የታተመበት ጨርቅ ከውጭ እየገባ ገበያውን አጥለቅልቆታል። በሩቁ ሲያዩት ጥለት ይመስላል፤ ሲገለብጡት ግን ጀርባው ባዶ ነው፤ የእጅ ጥለት ከጀርባው የክሩን አካሄድ ሁሉ ያሳያል። የታተመውን ጨርቅ አልሸጥም፤ ይህም ከደንበኞቼ መካከል ብዙዎቹን አሳጥቶኛል፤ ገንዘባቸው ውሱን ሆኖ ለልጃቸው ሠርግ የሚያምር ነገር የሚሹትን እናቶች ግን ልወቅሳቸው አልችልም።

በእኔ ቡቲክ ለሚሸጠው የአገር ልብስ ሁሉ የሸማኔውን ስም በአንገትጌው ውስጥ ማሰፋት ጀምሬአለሁ። ነገሩ እንዳሰብሁት ቀላል አልሆነም። ወጣቶቹ ሸማኔዎች ደስ ብሏቸው ስማቸውን ከስልክ ቍጥራቸው ጋር እንዲሰፋላቸው ይጠይቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን እስከ አሁን እንቢ ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። አንዳንዱ ስሜን ማን ያነብበዋል ይላል፤ አንዳንዱ ፈትሉን የፈተለችው ባለቤቴ ሳለች የእኔን ብቻ ስም መጻፍ አይገባም ይላል፤ ሌላው ደግሞ የራሱን ስም ትቶ የተወለደበትን ቀበሌ አስጽፎ ሄደ። ስለዚህ አሁን የማሰፋው ጽሑፍ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዱ ላይ የባልና የሚስት ስም፣ በአንዱ ላይ የአገር ስም ይገኛል፤ ያልፈቀዱት ሸማኔዎች የሠሩትንም ልብስ አንገትጌ ባዶውን እተወዋለሁ፤ ደንበኛው ሲጠይቀኝ ሸማኔው ሽሮ ሜዳ በየትኛው በኩል እንደሚገኝ እነግረዋለሁ።